አቡነ ያዕቆብና የአንድነት ጸሎት



ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደምትገኘው ወደ ካኮ ለሐዋርያዊ ጉብኝት ሄደን ሳለን፣ ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንዱ ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ለብቻችን ቀርቦ አንድ ጥያቄ አቀረበልን። ካህን በማይመጣባቸው እሑዶች የሚሰበሰቡት ምእመናን ቁጥር እየቀነሰ መጥቷል። በበጋ ወራት ብዙዎቹ ከከብቶቻቸው ጋር ወደ ሩቅ ግጦሽ ይሄዳሉ። ከቀሩትም መካከል፣ ቅዳሴ ከሌለ በየቤታችን ብንጸልይ ምን ይጎድልብናል የሚሉ አሉ። አንዳንድ እሑድ ከመምህሩ ጋር የሚገኙት አራት ወይም አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው። እንዲህ ከሆነ መሰብሰቡን ትቶ የካህኑን መምጣት መጠበቅ ይሻል እንደ ሆነ ጠየቀን።

በዚያች ሰዓት የሰጠነው መልስ የሚያረካ አልነበረም። በርታ ብለነው ተሰነባበትን። ወደ ጂንካ ስንመለስ ግን ጥያቄው አብሮን ተጓዘ። ነገሩን በጥሞና ስናስበውም ጥፋቱ በከፊል የእኛ የካህናት መሆኑ ተሰማን። ስለ ቅዳሴ ክብር ደጋግመን አስተምረናል፤ ይህም ተገቢ ነበር። ምእመናን ካህን በሌለበት ተሰብስበው ስለሚያደርጉት ጸሎት ግን የተናገርነው እጅግ ጥቂት ነው።

ስለዚህ በዚህ እትም ለዚያ መምህርና እንደ እርሱ ለሚጠይቁት ሁሉ መልስ ይሆን ዘንድ፣ በሀገራችን ምድር የደከሙትንና በሀገራችን ልጆች መካከል ያረፉትን የቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን ሕይወት በአጭሩ እናቀርባለን። የሀገራችን ሰዎች አቡነ ያዕቆብ ብለው ስለሚጠሯቸው እኛም በዚሁ ስም እንጠራቸዋለን። በጽሑፉ ውስጥ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሳን ፌሌ እስከ ምጽዋ

አቡነ ያዕቆብ ኦክቶበር 9 ቀን 1800 በደቡብ ኢጣሊያ፣ ሳን ፌሌ በምትባል ተራራማ ከተማ ተወለዱ። ከ14 ልጆች መካከል ሰባተኛው ነበሩ። ገና በልጅነታቸው ቤተሰቡ ወደ ናፖሊ ተዛወረ፤ በዚያም በ1818 ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ወደ መሠረተው የተልእኮ ማኅበር ገቡ። ጁን 12 ቀን 1824 በብሪንዲዚ ከተማ የክህነትን ማዕርግ ተቀበሉ።

ይህ ማኅበር በ1625 ሲመሠረት ዋና ዓላማው በገጠር ለሚኖሩ ድሆች ወንጌልን መስበክ ነበር። ካህናቱ ወደ መንደር ወርደው በዚያ ለብዙ ቀናት ይቀመጡ፣ ሕዝቡን እየሰበሰቡ ያስተምሩና አብረው ይጸልዩ፣ የተጣሉትን ያስታርቁ፣ ንስሐ ያስገቡ ነበር። ወጣቱ ካህንም በደቡብ ኢጣሊያ ገጠሮች እየተዘዋወሩ ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ሥራ ሠሩ። ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ገበሬ እምነቱን የሚማረው በመጀመሪያ ከጎረቤቶቹ ጋር ቆሞ በመጸለይ መሆኑን ያዩት በዚያ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በ1836 እና በ1837 የኮሌራ ወረርሽኝ ናፖሊን በመታ ጊዜም ሕሙማንን ለመርዳት ራሳቸውን ሰጡ።

በ1839 የቅድስት መንበር የስብከተ ወንጌል ጉባኤ ወደ ኢትዮጵያ ላካቸው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ምጽዋ ደረሱ፤ ወሩ ሳያልቅም ዓድዋ ገቡ።

በዓድዋ የመጀመሪያዎቹ ወራት

የደረሱበት ዘመን እኛ ዘመነ መሳፍንት ብለን የምንጠራው፣ መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት ዘመን ነበር። በትግራይና በሰሜን ደጃዝማች ውቤ ይገዙ ነበር። ሕዝቡ በቀደመው ዘመን ከሃይማኖት ጋር በተያያዘ ብዙ ደም የፈሰሰበትን ጊዜ አልረሳምና፣ ከሮም የመጣን ካህን በጥርጣሬ ቢመለከት የሚያስደንቅ አልነበረም።

አቡነ ያዕቆብ ይህን ተረድተው ለመስበክ አልቸኮሉም። ልብሳቸውን እንደ ሀገሩ መነኰሳት አደረጉ፤ የሀገሩን ምግብ በሉ፤ ቋንቋውን ለመማር ተቀመጡ። ወራት ካለፉ በኋላ ጃንዋሪ 26 ቀን 1840 በዓድዋ ለጥቂት ሰዎች የመጀመሪያ ቃላቸውን አሰሙ። በዚያ ንግግር ማንንም አልነቀፉም፤ ሀገራቸውንና ቤተሰባቸውን ትተው የመጡት ሕዝቡን ስለ ወደዱ መሆኑን ገለጹ እንጂ። ያን ጊዜ የሰሟቸው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በዚህ ላይ ጥቂት እንድትቆዩ እንወዳለን። በስማቸው እስከ ዛሬ የምትጠራው የሐዋርያዊ ሥራቸው መጀመሪያ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። በካኮ አራት ወይም አምስት ሰዎች ይዞ የሚጸልይ መምህር ከዚህ የተለየ መነሻ የለውም።

በጉዞ የተወለደ ወንድማማችነት

በ1841 ደጃዝማች ውቤ፣ ለኢትዮጵያ ጳጳስ እንዲሾምላቸው ወደ እስክንድርያ ፓትርያርክ መልእክተኞችን ወደ ካይሮ ሲልኩ አቡነ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ ጠየቋቸው። እርሳቸውም ጉዞው እስከ ሮም እንዲቀጥል አሳስበው ተቀበሉ። ከመልእክተኞቹ መካከል አባ ገብረ ሚካኤል የሚባሉ መነኩሴ ነበሩ።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ዲቦ በተባለች ስፍራ ተወልደው፣ በዚያው በመርጡለ ማርያም ገዳም መነኰሱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጥተው ነበር፤ ነገር ግን ለመጻሕፍት የነበራቸው ፍቅር እጅግ ታላቅ ነበር። የምንኵስናን ታሪክና የእምነትን እውነት ለማወቅ ከገዳም ወደ ገዳም ሲዘዋወሩ የኖሩ ሊቅ ናቸው። በመጀመሪያ ባዕዱን ካህን በጥርጣሬ ዓይን ይመለከቱ ነበር። መልእክተኞቹ ካይሮን አልፈው ሮም ደረሱ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛም ተቀበሏቸው፤ ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በዚህ ረጅም መንገድ አባ ገብረ ሚካኤል የጓደኛቸውን ትዕግሥት፣ ትሕትናና ጸሎት በቅርብ ተመለከቱ። ክርክር ያልከፈተውን ልብ አብሮ መኖርና አብሮ መጓዝ ከፈተው። አባ ገብረ ሚካኤል ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1844 በዓድዋ በአቡነ ያዕቆብ እጅ የካቶሊክ እምነትን ተቀበሉ።

የጓላ ትምህርት ቤት

ከዚህ በኋላ አቡነ ያዕቆብ በአጋሜ፣ በዓዲግራት አቅራቢያ በምትገኘው በጓላ የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር። ለኢትዮጵያ ሕዝብ ካህናት መሆን የሚገባቸው ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም በሀገሩ ቋንቋና በሀገሩ ሥርዓት እግዚአብሔርን ልታመሰግን ይገባታል ብለው ያምኑ ነበር። የግእዝን ሥርዓት አከበሩ እንጂ በሌላ ሊተኩት አልፈለጉም። አባ ገብረ ሚካኤል በዚያ መምህር ሆኑ፤ የግእዝን ሰዋስውና ቃላት አዘጋጁ፤ ከአቡነ ያዕቆብ ጋርም ለተማሪዎች የሚሆን የሃይማኖት ትምህርት ጻፉ።

በሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጸሎት ከመሠረቱ የአንድነት ሥራ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። መዘምራን በቀኝና በግራ በሁለት ክፍል ይቆማሉ፤ መሪዎቻቸውም ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ይባላሉ። አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ያርፋል፤ ያ ሲደክም ይኸኛው ይቀበላል። በዚህም ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ ጸሎት አይቋረጥም። አንድ ሰው ብቻውን ቢሆን ከእኩለ ሌሊት በፊት ድምፁ ይዘጋ ነበር። የአንድነት ጸሎት ኃይል ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ይህን ሥርዓት መመልከት ብቻ ይበቃል። የእኔ እምነት በሚደክምበት ሰዓት የወንድሜ እምነት ጸሎቱን ይዞ ይቆያል፤ እርሱ በሚደክምበት ጊዜ ደግሞ ተራው የእኔ ይሆናል።

በበናና በሐመር ወገኖቻችን ዘንድም ይህን የመሰለ ነገር እናያለን። ሽማግሌው ባርጆ እየጠራ ዝናብ እንዲዘንብ፣ ከብት እንዲረባ፣ ልጆች እንዲያድጉ፣ ሰላም እንዲሆን ሲመርቅ፣ የተቀመጡት ሁሉ በአንድ ድምፅ ይቀበሉታል። ተቀባይ የሌለው ምርቃት ጎዶሎ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ወንጌል ወደዚህ ምድር ሲመጣ በኅብረት መለመንን የማያውቅ ሕዝብ አላገኘም። የእኛ ድርሻ ይህ ተቀባይነት ያለው ድምፅ አባታችን ሆይ የምንለውን አምላክ በክርስቶስ አማካይነት እንዲጠራ ማስተማር ነው።

ስደት

በ1846 የካፑቺን ማኅበር አባል የሆኑት አቡነ ማስያስ በኦሮሞ ሕዝብ መካከል ወንጌልን ለመስበክ ተሹመው ወደ ሀገራችን መጡ፤ ከጓላ ተማሪዎችም መካከል ለአንዳንዶቹ የክህነትን ማዕርግ ሰጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን መከራው ጸና። በ1841 ከካይሮ ተሾመው የመጡት አቡነ ሰላማ የካቶሊኮችን እንቅስቃሴ ተቃወሙ፤ የደጃዝማች ውቤም ድጋፍ ቀዘቀዘ። በጓላ ተሰብስቦ የነበረው ማኅበር ተበተነ። አቡነ ያዕቆብ በዓሊቴና በኢሮብ ሕዝብ መካከል፣ በሐላይና በምጽዋ እየተዘዋወሩ መንጋቸውን ጠበቁ። በጃንዋሪ 1849 ከአቡነ ማስያስ እጅ የጵጵስናን ማዕርግ ሲቀበሉ እንኳ፣ ሥርዓቱ የተፈጸመው በምጽዋ በሌሊትና በስውር፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ በተገኙበት ነበር።

ይህን ስንተርክ የቆየ ቁስልን ለመንካት አይደለም። በዚያን ዘመን በሁሉም ወገን ስለ እምነቱ የቀና ልብ ነበረ፤ ዛሬ ግን ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር በሰላም እንኖራለን፤ በለቅሶና በደስታም አንለያይም። የምንተርከው የአንድ ትንሽ ማኅበር ሕይወት ቤትና ጣሪያ በጠፋ ጊዜ በምን እንደ ጸና ለማሳየት ነው። አቡነ ያዕቆብ ትልቅ ካቴድራል አልነበራቸውም። ቤተ ክርስቲያናቸው ከእርሳቸው ጋር የሚጸልዩት ሰዎች ነበሩ፤ በሄዱበትም ሁሉ አብራቸው ትሄድ ነበር።

የጎንደር እስር

በ1854 ጎንደር በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባሉት ገዢ እጅ ሳለች፣ አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር በዚያች ከተማ ተያዙ። አቡነ ያዕቆብን ከልጆቻቸው ለይተው ለወራት አሰሯቸው። አባ ገብረ ሚካኤልና ጓደኞቻቸው እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ብዙ ስቃይ ተቀበሉ። በኋላም አቡነ ያዕቆብ ከሀገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው፤ በድካምና በአደጋ መካከል አልፈው እንደገና ወደ ሐላይ አካባቢ ደረሱ።

አባ ገብረ ሚካኤል ግን አልተለቀቁም። እምነታቸውን እንዲክዱ ተጠየቁ፤ አልካዱም። ተገረፉ። በ1855 የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸው ሳለ የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ስለ ለመኑላቸው ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠ። ከዚያም በሰንሰለት ታስረው ከዘመቻ ሠራዊቱ ጋር ሲጎተቱ ቆዩ፤ ኦገስት 28 ቀን 1855 በ64 ዓመታቸው ገደማ በመንገድ ላይ ዐረፉ። በ1926 ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ ሰማዕት ብላ ዐወጀቻቸው።

እዚህ ላይ በመካከላችሁ ያለ አስተዋይ ሰው ሊጠይቀን የሚገባ ከባድ ጥያቄ አለ። የአንድነት ጸሎት ኃይል ካለው፣ አቡነ ያዕቆብና ልጆቻቸው ሁሉ ሲጸልዩ አባ ገብረ ሚካኤል ከሰንሰለት ያልተፈቱት ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በሌላ መልክ በየመንደራችን እንሰማዋለን። ለታመመው ልጅ ሁላችንም ጸለይን፤ ልጁ ግን ሞተ። ለዝናብ ጸለይን፤ ሰማዩ ግን ተዘጋ። ከዚህ በኋላ መሰብሰቡ ምን ይጠቅማል?

ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ጋር አብረን እንመልከተው። ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ አስገደለ፤ ከዚያም ጴጥሮስን አሰረ። ምእመናን በአንድ ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ መልአክ መጥቶ ጴጥሮስን ፈታው። እኛ ብዙውን ጊዜ የምንሰብከው ስለ ጴጥሮስ መፈታት ነው። ሆኖም ያ ማኅበር ያዕቆብን በቅርቡ የቀበረ ማኅበር ነበር። አንዱን ወንድማቸውን አጥተው ሳለ ስለ ሁለተኛው ለመጸለይ ተሰበሰቡ። ጴጥሮስ በሩን ሲያንኳኳም ለማመን እስኪቸገሩ ድረስ ተደነቁ። ስለዚህ የአንድነት ጸሎት እግዚአብሔርን ወደ ፈቃዳችን የምንጎትትበት ገመድ አይደለም። አንዱ በሰይፍ ሲሞት፣ ሌላውም ከወኅኒ ሲወጣ ማኅበሩ በክርስቶስ አንድ ሆኖ እንዲቆም የሚያደርግ ጸጋ ነው።

በጎንደር የታየውም ይኸው ነው። አሳሪዎቹ አባትን ከልጆች፣ ወንድምን ከወንድም በመለየታቸው ማኅበሩ የሚፈርስ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን ለዓመታት በአንድነት የለመዱት ጸሎት በየተለያዩበት ስፍራ አብሯቸው ነበረ። አባ ገብረ ሚካኤል በሰንሰለታቸው ሲጸኑ ብቻቸውን አልጸኑም። አብሮ መጸለይን የለመደ ሰው ብቻውን በሚሆንበት ቀን የማኅበሩ ጸሎት በውስጡ ይቀጥላል። ማኅበሩን አስቀድሞ የተወ ግን በመከራው ቀን የሚይዘው ድምፅ ያጣል።

በመንገድ ዳር የሆነ ዕረፍት

የአቡነ ያዕቆብ የመጨረሻ ቀናት ከሕይወታቸው ጋር የተስማሙ ነበሩ። በ1860 በምጽዋ አቅራቢያ በምትገኘው በእምኩሉ ሳሉ ጽኑ ትኩሳት ያዛቸው። የቆላው ሙቀት እየበረታባቸው ስለ ሄደ፣ በጁላይ ወር መጨረሻ ከመነኰሳትና ከተማሪዎቻቸው ጋር ወደ ሐላይ ደጋ ለመውጣት ጉዞ ጀመሩ። መንገዱን ግን አልጨረሱትም። ጁላይ 31 ቀን በአሊገደ ሸለቆ ኃይላቸው ፈጽሞ ደከመ፤ በመንገድ ዳር በዛፍ ጥላ ሥር አስተኟቸው። ትራሳቸው ድንጋይ ነበር።

ልጆቻቸውን ወደ እርሳቸው ጠሩ። ምናልባት ባለማወቅ አሳዝነዋቸው እንደ ሆነ ይቅርታ ለመኗቸው፤ መከሯቸው፤ ባረኳቸው። ምስጢረ ቀንዲልን ተቀበሉ። በዙሪያቸው የነበሩት እያለቀሱ ሲጸልዩ ነፍሳቸውን ለፈጣሪያቸው ሰጡ። ዕድሜያቸው ገና 60 አልሞላም ነበር። ሥጋቸውን ተሸክመው ወደ ሄቦ ወሰዱት፤ በዚያም ቀበሩት። መቃብራቸው እስከ ዛሬ በኤርትራ ምድር፣ በሄቦ ይገኛል፤ ምእመናንም ይሳለሙታል።

እስቲ ይህን ዕረፍት በዓይነ ልቡናችን እንመልከተው። አንድ ጳጳስ ያለ ቤተ መቅደስ፣ ያለ አልጋ፣ ያለ ጣሪያ ዐረፈ፤ ነገር ግን ያለ ማኅበር አላረፈም። ለ20 ዓመታት ከእነርሱ ጋር ሆኖ ሲጸልይ የኖረው ልጆቹ በመጨረሻው ሰዓት ተራቸውን ተቀበሉ። እርሱ ድምፁ ሲደክም የእነርሱ ድምፅ ቀጠለ። ቀደም ሲል ስለ ቀኝና ስለ ግራ መዘምራን ያልነውም ይኸው ነው። ከደቀ መዛሙርቱ መካከል አንዱ፣ የዓድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት፣ የአባቱን ሕይወት ለትውልድ እንዲተርፍ በጽሑፍ አኖረው።

በጁን 1939 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ብፅዕናቸውን ዐወጁ፤ ኦክቶበር 26 ቀን 1975 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በቅዱሳን መዝገብ እንዲቈጠሩ አደረጉ። በዓሊቴና፣ በዓዲግራትና በኤርትራ ደጋ የሚገኙት የግእዝ ሥርዓት ካቶሊካውያን ማኅበረሰቦች ዛሬም የእርሳቸውን ድካም ፍሬ ይመሰክራሉ።

ለእኛ የቀረ ሥራ

አሁን ወደ ካኮ እንመለስ። ለዚያ መምህር ልንሰጠው ይገባን የነበረው መልስ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ፣ የቅዳሴ ናፍቆት መልካም ናፍቆት ነውና ይጠበቅ። ካህን በሌለበት የሚደረግ ጸሎት የቅዱስ ቁርባንን ስፍራ አይተካም፤ ምእመናንም እንዲህ እንዳይመስላቸው ማስረዳት ይገባል። ነገር ግን ናፍቆቱ እንዲቀጥል የሚያደርገው መሰብሰቡ ራሱ ነው። ካህን እስኪመጣ በየቤቱ የሚቆይ ማኅበር ካህኑ ሲመጣ ማኅበር ሆኖ አያገኘውም። ስለዚህ ነው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ፣ በተለይ ካህን በማይገኝባቸው ቦታዎች በእሑድና በበዓላት የእግዚአብሔር ቃል አገልግሎት እንዲደረግ ያሳሰበው፤ በጳጳሱ የተፈቀደለት ሰውም ሊመራው እንደሚችል የደነገገው። በ1988ም ቅድስት መንበር ካህን በሌለበት ስለሚደረገው የእሑድ ጸሎት መመሪያ አውጥታለች። እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር የምትመሩት ጸሎት የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ነው።

ሁለተኛ፣ ቁጥር አያስጨንቃችሁ። ጌታችን በመካከላቸው ሊገኝ ቃል የገባው ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በስሙ ለሚሰበሰቡት ነው። በዓድዋ ጥቂቶች ነበሩ፤ በምጽዋው የሌሊት ሥርዓት ጥቂቶች ነበሩ፤ በአሊገደ ዛፍ ሥርም እንዲሁ።

ሦስተኛ፣ የሌሉትን በስማቸው ጥሩ። ከከብቶቹ ጋር ወደ ሩቅ ግጦሽ የሄደው ወጣት፣ በጂንካ ሆስፒታል የተኛችው እናት፣ በወኅኒ ያለው፣ ተጣልቶ የቀረው፣ እያንዳንዱ በምልጃ ጸሎት ጊዜ በስሙ ይነሣ። በመንጋው ዘንድ ያለው ልጅም እሑድ ጠዋት ፀሐይ ከፍ ስትል ወንድሞቹ ስሙን እንደሚጠሩ ያውቅ። በዚያች ሰዓት ባለበት ቆሞ አባታችን ሆይን ቢደግም ከማኅበሩ አልተለየም። የጎንደር እስረኞች እንዲህ ነበሩ።

አራተኛ፣ ከጸሎቱ በፊት ይቅር ተባባሉ። አቡነ ያዕቆብ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው በመጀመሪያ ያደረጉት ይህን ነበር። በአንድ አፍ የሚለምኑ ሰዎች በልባቸው ከተለያዩ ጸሎታቸው ሁለት ወገን ሆኖ የማይቀባበል ዜማ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ተቀባይ አብጁ። መምህሩ ብቻውን አንብቦ፣ ብቻውን ጸልዮ፣ ብቻውን አይጨርስ። ሕዝቡ በሚያውቀው ቋንቋና ዜማ አንዱ ይለምን፤ ሌሎቹ ይቀበሉ። ሕፃናትም አጫጭር መልሶችን ይማሩ። አፉን ከፍቶ የተቀበለ ሰው በሚቀጥለው እሑድ ድምፁ እንደሚፈለግ ያውቃል፤ ስለዚህም ይመጣል።

እኛም ካህናት በበኩላችን የምንገባው ቃል አለ። ወደ ጣቢያዎቹ ስንመጣ የጠፉትን ከመቊጠር በፊት፣ እኛ በሌለንባቸው እሑዶች ሲጸልዩ የቆዩትን እናመሰግናለን፤ የለመኑትንም ሁሉ በመሠዊያው ላይ በቅዳሴያችን እናቀርባለን። ወደ ካኮ በምንመለስበት ጊዜም ያን መምህር ፈልገን ያልመለስንለትን ጥያቄ በፊቱ እንመልስለታለን። እስከዚያው አራቱንም አምስቱንም ሰዎች ይዞ ይጠብቀን።

በዱርና በመንገድ፣ በእስርና በስደት ከልጆቹ ጋር መጸለይን ያላቋረጠው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ከብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጋር በደቡብ ኦሞ ለሚገኙት ትንንሽ ማኅበሮቻችን በእግዚአብሔር ፊት ይማልድልን። አሜን።